እንቁላሉ ተፈልፍሎ ጫጩቱ ለምን አለቀ? የአንድ ዙር አንጀልፊሽ የጉዳይ ጥናት

አንድ ጥንድ አንጀልፊሽ (በቤት የመስታወት ገንዳ የሚረባ ጌጠኛ ዓሣ) ገንዳው ውስጥ በቆመ ሰሌዳ ድንጋይ ላይ 300 ያህል እንቁላል ጣሉ። ድንጋዩ ከነእንቁላሉ 20 ሊትር ወደሚይዝ ባዶ ገንዳ ተዛወረ። ከሁለት ቀን ተኩል በኋላ አብዛኛው ተፈለፈለ፤ በሰባተኛው ቀን ጫጩቶቹ ተነስተው መዋኘት ጀመሩ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር። መዋኘት በጀመሩ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ግን የገንዳው ወለል ላይ ነጫጭ የክር ቁርጥራጭ የመሰለ ነገር ተበትኖ ተገኘ። በአምስተኛው ቀን በሕይወት የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። አርቢው «በሽታ ገባብኝ» ብሎ ደመደመ፤ ለሚቀጥለው ዙር ያሰበውም መድኃኒት መጨመር ነው።

ይህ አንጀልፊሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚያራቡ ሰዎች ቤት ደጋግሞ የሚታይ አጋጣሚ ነው። ጉዳዩን የያዝነውም እንደ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። የቀኖቹ ቅደም ተከተል፣ ሙቀቱና የመድኃኒቱ ልክ በተግባር የሚሠራበት ሲሆን የእንቁላሉና የጫጩቱ ብዛት ግን ለሒሳብ እንዲመች የተመረጠ ነው። «አማካይ ውጤት» ተብሎ እንዳይወሰድ።

የገንዳው ሁኔታ እንዲህ ነበር። ውሃው 28 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ፒኤቹ (የአሲድነቱ ልክ) 8 ገደማ። ፈንገስን ለመከላከል ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ መድኃኒት በሊትር 2 ሚሊ ግራም ተጨምሯል። ከወላጆቹ ገንዳ የመጣ የስፖንጅ ማጣሪያ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በዚያው ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ይሠራ ነበር። የአርቴሚያ (ለጫጩት ምግብ የሚሆን ደቃቅ የጨው ውሃ ፍጥረት) ዘር ለመፈልፈል ውሃ ውስጥ የገባው ጫጩቶቹ መዋኘት በጀመሩበት ጠዋት ነው፤ ጠርሙሱ የቆመበት ክፍል ሙቀት 21 ዲግሪ ነው። አርቴሚያው እስኪደርስ ድረስ ጫጩቶቹ በውሃ የተበጠበጠ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ይሰጣቸው ነበር። ስህተቶቹ ሁሉ በዚህ አንቀጽ ውስጥ አሉ፤ ነገር ግን እኩል ክብደት የላቸውም።

አንድ መቶኛ የሚደብቀው

«ከ300 እንቁላል 15 ተረፈልኝ፣ 5 በመቶ ነው» ማለት ትክክል ነው፤ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው። ከእንቁላል እስከ ወጣት ዓሣ ያለው መንገድ በየተራ የሚታለፉ በሮች አሉት፤ የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም በሮች ብዜት ነው። ስንቱ እንቁላል ዳበረ? ከዳበረው ስንቱ ተፈለፈለ? ከተፈለፈለው ስንቱ ተነስቶ ዋኘ? ከዋኘው ስንቱ መብላት ጀመረ? ከበላው ስንቱ አራተኛውን ሳምንት አየ?

አንድ ማሳያ እንሥራ። 80 በመቶው ቢዳብር፣ ከዚያ 90 በመቶው ቢፈለፈል፣ ከዚያ 90 በመቶው ቢዋኝ፣ ከዚያ 60 በመቶው መብላት ቢጀምር፣ ከዚያ 85 በመቶው አራት ሳምንት ቢሞላ፣ ከ300 እንቁላል 99 ጫጩት ይቀራል። አሁን አርቢው ጉልበቱን ሁሉ በፈንገስ ላይ አውሎ የመፈልፈሉን መጠን ከ90 ወደ 100 በመቶ አደረሰው እንበል፤ ይህ በተግባር የማይደረስበት ፍጹም ውጤት ነው። የሚያተርፈው 110 ብቻ ነው። በምትኩ መብላት የሚጀምሩትን ከ60 ወደ 90 ቢያሳድግ ወደ 149 ይጠጋል። ብዙ ሰው ግን ዓይኑ የሚያርፈው ፈንገሱ ላይ ነው፤ ነጭ ሆኖ በግልጽ ስለሚታይ። ረሃብ ቀለም የለውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በየበሩ መቁጠር ነው። እንቁላሉ በተጣለ ማግስት ድንጋዩን ፊት ለፊት ፎቶ ማንሳት፣ ፎቶውን በእኩል አራት ማዕዘኖች መከፋፈል፣ ከእነርሱ መካከለኛ የሆኑትን ሦስት ወይም አራት ክፍሎች ቆጥሮ አማካዩን በክፍሎቹ ብዛት በማባዛት ጠቅላላውን መገመት ይቻላል። ነጭ የሆነውን ለይቶ መቁጠር ደግሞ ቀላል ነው። የሚዋኙ ጫጩቶች ላይ ችግር አለ፦ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይደራረባሉ። ከገንዳው ጀርባ ነጭ ወረቀት አድርጎ ብርሃን በማብራት በተከታታይ አምስት ፎቶ አንስቶ ከፍተኛውን ቁጥር መውሰድ ይሻላል። የሞቱትን ቆጥሮ ከጠቅላላው መቀነስ አያዋጣም። በ28 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የሞተ ጫጩት ሰዓታት ሳይቆይ ይሟሟል፤ ቀንድ አውጣ ካለ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል።

በዚህ ጉዳይ ቆጠራው በየበሩ ቢደረግ ኖሮ ምስሉ ወዲያው ይገለጥ ነበር። መዳበር፣ መፈልፈልና መነሳት ደህና ናቸው። ውድቀቱ ሁሉ በአራተኛው በር ላይ ተከምሯል።

እንቁላሉ

የእንቁላሉ ክፍል እዚህ ችግር ስላልነበረ በአጭሩ እንለፈው። የዳበረ እንቁላል እንደ ቀለጠ ማር ብጫ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል፤ ያልዳበረው በአንድ ቀን ውስጥ ነጭ ይሆናል። ሳፕሮሌግኒያ የሚባለው ፈንገስ መሰል ሻጋታ መጀመሪያ የሚይዘው የሞተውን እንቁላል ነው፤ ከዚያ ጸጉር መሰል ክሮቹን ዘርግቶ አጠገቡ ያለውን ጤነኛም ያፍናል። ሜቲሊን ብሉ የሚያግደው ይህን መዛመት ነው፤ ያልዳበረውን ግን አያድንም። እንቁላሉ በሙሉ በአንድ ቀን ነጭ ከሆነ መድኃኒት ማብዛት ከንቱ ነው፦ ወንዱ ገና ልምድ የለውም፣ ወይም ሁለቱም ሴቶች ናቸው። አንጀልፊሾች ሁለት ሴቶች ሆነው ተጣምረው እንቁላል መጣላቸው የታወቀ ነው።

ልኩ ይህ ነው። 1 በመቶ የሆነ የሜቲሊን ብሉ ፈሳሽ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ለማድረግ ለ20 ሊትር ውሃ 4 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የአየር ድንጋዩ ከእንቁላሉ 3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ አረፋው ውሃውን ያንቀሳቅስ እንጂ እንቁላሉን አይምታው። ጠቅላላው ከተፈለፈለ በኋላ የውሃውን ግማሽ ሦስት ጊዜ መቀየር መድኃኒቱን ወደ አንድ ስምንተኛ ያወርደዋል። ሜቲሊን ብሉ የመስታወቱን ሲሊኮን፣ ልብስንና ጣትን እንደሚያቀልም ከወዲሁ ማወቅ ደግ ነው።

ወላጆቹን ከእንቁላሉ ጋር መተውም ይቻላል። አንጀልፊሾች በተፈጥሯቸው እንቁላላቸውን የሚጠብቁና በክንፋቸው የሚያርገበግቡ ዓሦች ናቸው። ነገር ግን ወጣት ጥንዶች፣ በተለይ ሰው የሚበዛበት ቦታ ከሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች እንቁላላቸውን መብላት ይቀናቸዋል።

የሞቱበት ሰዓት ምን ይናገራል?

የሞት ምክንያት ሲፈለግ ከምልክቱ ይልቅ ቀኑ ይበልጥ ይረዳል። ጫጩቱ ሲፈለፈል ሆዱ ላይ የአስኳል ከረጢት አለው። አፉ ገና አይሠራም፤ ራሱ ላይ ባለ ሙጫ ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ጭራውን ብቻ ያርገበግባል። በ28 ዲግሪ ይህ ጊዜ አራት፣ አምስት ቀን ይወስዳል። ዓሣው ተነስቶ ሲዋኝ አስኳሉ ወደ ማለቁ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ስንቅ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ውሃው በሞቀ መጠን ደግሞ ስንቁ ቶሎ ያልቃል።

ሳይንሱ ይህን ወቅት ካወቀው ቆይቷል። የኖርዌዩ ተመራማሪ ዮሃን ዮርት እ.ኤ.አ. በ1914 ባቀረበው ሐሳብ የባሕር ዓሣ ምርት ከዓመት ዓመት የሚዋዥቀው አስኳላቸውን የጨረሱ እጮች (ገና የተፈለፈሉ ጫጩቶች) ወዲያው ምግብ በማግኘታቸው ወይም በማጣታቸው ነው አለ። ብላክስተርና ሄምፔል እ.ኤ.አ. በ1963 ሄሪንግ በሚባል የባሕር ዓሣ እጮች ላይ ባደረጉት ጥናት ደግሞ መመለሻ የሌለውን ነጥብ አሳዩ፦ የተራበ እጭ ከአንድ ደረጃ በኋላ ምግብ ፊቱ ቢቀርብለት እንኳ አሳድዶ የመያዝ አቅም አይኖረውም። በሕይወት አለ፣ ይንሳፈፋል፣ ግን አልቆለታል።

የእኛ ጉዳይ ሙሉ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የአርቴሚያ ዘር በ28 ዲግሪ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፤ በ21 ዲግሪ ግን መዘግየቱ አይቀርም። ዘሩ ውሃ ውስጥ የገባው ጫጩቶቹ መዋኘት በጀመሩበት ጠዋት ከሆነ፣ የመጀመሪያው በቂ ምግብ ገንዳው ውስጥ የሚገባው በሁለተኛው ቀን ማምሻ ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። አርቴሚያው ደርሶ ውሃው ውስጥ ብርቱካናማ ሆኖ ሲርመሰመስ ጫጩቶቹ አጠገቡ እያለፉ አይነኩትም። አርቢው «ምግብ አለ፣ አይበሉም፣ ስለዚህ ታመዋል» የሚለውም ለዚህ ነው።

የተራበ ጫጩት ከላይ ሲታይ ራሱ ትልቅ፣ ገላው እንደ መርፌ ቀጭን ነው፤ ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቷል። የጠገበው ደግሞ ሆዱ ክብ ሆኖ የአርቴሚያውን ብርቱካናማ ቀለም ያሳያል። ይህን ለማየት ማጉያ መነጽር ወይም የስልክ ካሜራ ይበቃል፤ ከየትኛውም የውሃ መመርመሪያ ይልቅ ቀድሞ የሚናገረውም ይህ ነው።

ሌሎች የሞት ምክንያቶች ሌላ ሰዓትና ሌላ መልክ አላቸው። ውሃ በተቀየረ በሰዓታት ውስጥ ትልቁም ትንሹም አንድ ላይ ካለቀ የክሎሪን ወይም የሙቀት ልዩነት ነገር ነው። ሞቱ በቀስታ ሆኖ ጫጩቶቹ ወደ ውሃው ገጽ ተጠግተው አየር የሚጎነጩ ከመሰሉ አሞኒያ ይጠረጠራል። ሌሊቱን ብቻ ከሞቱ አየሩ ተቋርጧል ወይም ማሞቂያው ጠፍቷል። ተነስተው መዋኘት አቅቷቸው በሆዳቸው ወለሉን እየዳሰሱ የሚቀሩ ጥቂቶች በየዙሩ ይኖራሉ፤ በብዛት ከታዩ ግን የውሃውን ገጽ የሸፈነ ቅባት መኖሩን ማየት ያሻል። በብዙ የዓሣ ዓይነቶች እጩ የመጀመሪያ የአየር ከረጢቱን የሚሞላው ከውሃው ገጽ አየር በመጎንጨት ነው፤ የቅባት ሽፋን ይህን ይከለክለዋል።

ሁለተኛው ጥፋት፦ የሞተው ማጣሪያ

ረሃቡ ዋናው ቢሆንም ብቻውን አልነበረም። ሜቲሊን ብሉ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡትን ባክቴሪያዎችም ይጎዳል። ያ የስፖንጅ ማጣሪያ ከወላጆቹ ገንዳ ሲመጣ በባክቴሪያ የተሞላ ነበር፤ በሰማያዊው ውሃ ውስጥ ሁለት ቀን ተኩል ከቆየ በኋላ ግን አረፋ የሚያወጣ ስፖንጅ ከመሆን አያልፍም። ከዚያ የተቀቀለ አስኳል ገባበት። አስኳል በመሠረቱ መጥፎ ምግብ አይደለም፤ ችግሩ ከሚበላው ይልቅ የሚተርፈው መብዛቱና በሙቅ ውሃ ውስጥ ቶሎ መበስበሱ ነው። በሌላ ምግብ መተካት እስከተቻለ ድረስ አስኳልን ለዚህ ዕድሜ አንመክርም።

አሞኒያ ምን ያህል መርዛማ እንደሚሆን የሚወስነው ፒኤችና ሙቀት ነው። መመርመሪያው የሚያሳየው ጠቅላላውን ሲሆን ስንጥብን የሚያቃጥለው ግን ቻርጅ ያልያዘው ክፍል ነው። በ28 ዲግሪና በፒኤች 7 ይህ ክፍል ከጠቅላላው 0.7 በመቶ ያህል ነው፤ በፒኤች 8 ወደ 6.5 በመቶ ይደርሳል። መመርመሪያው በሊትር 1 ሚሊ ግራም ካነበበ፣ በፒኤች 7 መርዛማው 0.007 ነው፤ በፒኤች 8 ግን 0.065። ለረጅም ጊዜ መብለጥ የለበትም ተብሎ በተለምዶ የሚጠቀሰው 0.02 ነው። አንድ ዓይነት ቀለም ያሳዩ ሁለት መመርመሪያዎች አንዱ ከደህና ውሃ ሌላው ከገዳይ ውሃ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ፒኤቹን ሳይነግሩ «አሞኒያዬ 1 ነው» ብሎ ምክር መጠየቅ ለማንም አይጠቅምም።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። ሁለት ስፖንጅ ይኑር። ሁለተኛው ስፖንጅ፣ ጥንዶቹ እንቁላል ከመጣላቸው ቢያንስ ከሦስት፣ ከአራት ሳምንት በፊት በወላጆቹ ገንዳ ውስጥ ይሥራ። በሜቲሊን ብሉ ጊዜ እንቁላሉ ያለበት ገንዳ ውስጥ የአየር ድንጋይ ብቻ ይኖራል። ከተፈለፈሉና ሰማያዊው ታጥቦ ውሃው ከጠራ በኋላ ስፖንጁ ይገባል፤ ያን ጊዜ ገና የሚበላ ስለሌለ ለመልመድ ሁለት፣ ሦስት ቀን ያገኛል። የአየሩ ፍሰት አረፋው በቀስታ እንዲወጣ ብቻ ይስተካከል፤ ኃይለኛ ከሆነ አዲስ ዋናተኞችን እያንገላታ ያደክማቸዋል።

አርቴሚያ በሰዓቱ

የዚህ ጉዳይ ዋና ክፍል ይህ ስለሆነ ረዘም እንላለን።

አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ታችኛው ክፍሉ ተቆርጦ በአፉ ተደፍቶ ይቆማል፤ ክዳኑ በደንብ ይጠበቃል። 1 ሊትር ውሃ፣ 25 እስከ 30 ግራም ጨው፣ 1 ግራም የአርቴሚያ ዘር ይገባበታል። የውሃው ፒኤች ከ8 በታች ከሆነ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ይጨመራል። የአየር ቱቦው ሾጣጣው ጫፍ ድረስ ይውረድ፤ ዘሩ ታች ረግቶ ከቀረ አይፈለፈልም፣ ስለዚህ አየሩ ጠንካራ ይሁን። የአየር ድንጋይ ግን አይግጠሙበት፤ ደቃቅ አረፋ ዘሩን ወደ ላይ ሰብስቦ ጠርሙሱ ላይ ያጣብቀዋል። ሙቀቱ 26 እስከ 28 ዲግሪ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብርሃን ያስፈልገዋል። ክፍሉ ከቀዘቀዘ ጠርሙሱን ማሞቂያ ባለው ሰፊ ዕቃ ውሃ ውስጥ ማቆም በቂ ነው።

ከ24 ሰዓት በኋላ አየሩ ይዘጋና 10 ደቂቃ ይጠበቃል። ባዶው ቅርፊት ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ያልተፈለፈለው ታች ይረጋል፤ የተፈለፈሉት ብርሃን ስለሚስባቸው ከታች በኩል መብራት ቢበራላቸው እዚያ ይሰበሰባሉ። በቀጭን ቱቦ ከታች ሲሳብ መጀመሪያ የሚወጣውን ቡናማ ዝቃጭ ማፍሰስ፣ ከዚያ ብርቱካናማውን በጥቅጥቅ ጨርቅ ማጥለል፣ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ የላይኛው ቅርፊት ሳይደርስ ማቆም። ቅርፊት የዋጠ ጫጩት አንጀቱ ሊደፈንበት ስለሚችል ይህ እርምጃ ለንጽሕና ብቻ አይደለም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው የአርቴሚያው ዕድሜ ነው። አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ 0.4 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፤ የራሱን አስኳል ይዞ ስለሚወጣ ገንቢ ነው። አፉና አንጀቱ ስለማይሠሩ አይበላም፤ ያለችውን ስንቅ እያቃጠለ ይዋኛል። በሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ቀን ካደረ የኃይሉን ሩብ ያህል ያጣል፣ ያድጋል፣ ይፈጥናል፤ ለትንሽ አፍ ደግሞ ለመያዝ ይከብዳል። ትላንት የተፈለፈለን ጠርሙስ ሦስት ቀን የሚመግብ ሰው ገንዳውን በምግብ ሞልቶ ጫጩቶቹን ያስርባል። መፍትሔው ሁለት ጠርሙሶችን በ12 ወይም በ24 ሰዓት ልዩነት ማስኬድ ነው። የተረፈው በጨው ውሃ ውስጥ እንዳለ 4 ዲግሪ ገደማ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ቀን ስንቁን ብዙ ሳያባክን ይቆያል።

ሰዓቱን ደግሞ ከእንቁላሉ ጋር ማሰር ያስፈልጋል። እንቁላል በተጣለበት ቀን የሙከራ ጠርሙስ ይቁም፤ የዘሩ ጥራት የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። እርጥበት የነካው ዘር ጥቂት ብቻ ይፈለፈላል፤ ይህን መዋኘት በጀመሩ ቀን ማወቅ ምንም አያተርፍም። ዋናው ጠርሙስ በስድስተኛው ቀን ጠዋት ይቁም። ጫጩቶቹ በሰባተኛው ቀን ሲነሱ ምግቡ ደርሶ ይጠብቃቸዋል። አንድ ቀን ቢዘገዩ የመጀመሪያው ጠርሙስ ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ ሁለተኛው ይከተላል። ለአርቴሚያ ከመዘግየት መባከን ይሻላል።

የመጀመሪያው አመጋገብ ጥቂት ጫጩቶች ከድንጋዩ ለቀው ወደ ፊት መዋኘት እንደጀመሩ ጥቂት ጠብታ ነው። ሁሉም እስኪነሱ አይጠበቅም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ሆዶች ብርቱካናማ ካልሆኑ ትንሽ ይጨመራል። በጨው አልባ ውሃ አርቴሚያ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ይኖራል፤ ስለዚህ በአንዴ ብዙ ከመስጠት በቀን አራት ጊዜ ጥቂት በጥቂት መስጠት ነው። ሌሊቱን ደብዘዝ ያለ መብራት ማብራት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተረፈውን እንዲለቅሙ ይረዳቸዋል፤ በጨለማ ግን አያድኑም።

ለዚህ ሳምንት 20 ሊትሩን ሙሉ መሙላት ወይስ ግማሹን? በሁለቱም በኩል ክርክር አለ። ግማሽ ሲሆን ምግቡ ይጠጋጋል፣ ጫጩቱ በትንሽ ጉልበት ያገኘዋል፤ ግን ቆሻሻውም በዚያው ልክ ይጠናል። በየቀኑ ውሃ የሚቀይር ሰው ግማሹን ቢመርጥ ትክክል ነው፤ የማይችል ሙሉውን ይሙላ።

ውሃ አቀያየሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስፋቱ 4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ የአየር ቱቦ ወለሉን እየጠረጉ ወደ ነጭ ባልዲ መሳብ፤ አብረው የወጡት ጫጩቶች በነጩ ላይ በጉልህ ስለሚታዩ በማንኪያ ይመለሳሉ። ከ30 እስከ 50 በመቶ በየቀኑ ይቀየራል። የሚገባው ውሃ ከገንዳው ሙቀት በ1 ዲግሪ ያልራቀ፣ ክሎሪኑ በሶዲየም ታዮሰልፌት የተወገደ ይሁን፤ በቀጭን ቱቦ በዝግታ ይንጠብጠብ። ውሃው በክሎራሚን የሚታከም ከሆነ ታዮሰልፌት ክሎሪኑን ሲፈታ አሞኒያ እንደሚቀር አይረሳ።

ሞቱ ቦታ ሲቀይር

አራተኛው በር ሲከፈት ችግሩ ወደ አምስተኛው ይሄዳል፤ ይህ መልካም ምልክት ነው። ባለፈው ዙር 15 ጫጩት የነበረበት ገንዳ አሁን 150 ይኖርበታል፤ ገንዳው ግን ያው 20 ሊትር ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ጫጩቶቹ አካላቸው እየሰፋ ክንፋቸው እየረዘመ ሲመጣ መጨናነቁ መግደል ባይጀምርም ማበላሸት ይጀምራል፦ የታችኛው ክንፍ አጥሮ ወይም ጠፍቶ፣ የስንጥቡ ክዳን አጥሮ ቀይ ስንጥብ ተጋልጦ ይታያል። አንዳንዱ ጉድለት በዘር የሚመጣ ነው፤ ከጥንድ ጥንድ በሚለያይ መጠን ደጋግሞ ከታየ ጥንዱን መጠርጠር፣ መጨናነቁ ሲቀንስ የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ ገንዳውን መጠርጠር ነው። ወደ አራተኛው ሳምንት ሲጠጉ ወደ ሰፊ ገንዳ ማዛወር ያስፈልጋል። አካላቸው የአዋቂ ቅርጽ ሲይዝ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው፣ ለአንድ ዓሣ 3 እስከ 4 ሊትር የሚል መነሻ ብዙ አርቢ ይጠቀማል።

ሌላው የዚህ ወቅት ጠላት ሃይድራ ነው። መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ ላይ ክር መሰል እጆች ያሉት ፍጡር ነው። አርቴሚያ በብዛት የሚገባበት ገንዳ ለእርሱም ግብዣ ነው፤ ትናንሽ ጫጩቶችን በሚያደነዝዝ ክሩ ይይዛል። አንድ ሁለት ከታየ በቱቦ መሳብ ይበቃል። መስታወቱን ከሞላው ግን ጫጩቶቹን ወደ ንጹሕ ገንዳ ማዛወር ከመድኃኒት ይልቅ ያስተማምናል። ፌንቤንዳዞል የሚባለው የትል መድኃኒት ይገድለዋል፤ በአንዴ የሞተው ሁሉ ግን ውሃው ውስጥ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይሆናል።

የተበላሹ ጫጩቶችን መለየት ከቆጠራው ጋር መቀላቀል የለበትም። አርቢው ሆን ብሎ ያስወገደው «የተመረጠ» ተብሎ ለብቻው ይመዝገብ፤ ከሞቱት ጋር ከተደመረ የአምስተኛው በር ቁጥር ትርጉም ያጣል። ማስወገድ ካስፈለገ የቅርንፉድ ዘይት በሊትር 0.4 ሚሊ ሊትር ያህል ይዘጋጃል፤ ዘይቱ በራሱ ከውሃ ጋር ስለማይዋሃድ አስቀድሞ በትንሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ በጠርሙስ በኃይል ይናጣል። የስንጥባቸው እንቅስቃሴ ካቆመ በኋላም ቢያንስ 10 ደቂቃ ውስጡ ይቆዩ።

ሌሎች ዓሦች ጋ ሲሄድ

ይህን ጉዳይ ያነበበ ጋፒ አርቢ «እኔ ጋ ምንም ሳላደርግ ይተርፋሉ» ቢል ልክ ነው። የጋፒ ጫጩት 6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይወለዳል፤ ወዲያው ይዋኛል፣ የተፈጨ ደረቅ ምግብም ይበላል። የሚጎዳው የእናቱና የሌሎች ትልልቅ ዓሦች አፍ ነው፤ ስለዚህ ለእርሱ መፍትሔው ጥቅጥቅ ያለ ተክል ወይም መለየት ነው። የመጀመሪያው ምግብ በር ለእርሱ ከተፈጥሮው ክፍት ነው።

በሌላው ጫፍ ቤታና ኒዮን ቴትራ አሉ። የእነዚህ ጫጩቶች አፍ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አርቴሚያ እንኳ ስለሚበዛበት ፓራሚሲየምን የመሰሉ ደቂቅ ፍጥረታት አስቀድመው መራባት አለባቸው፤ ያ ዝግጅት የሚጀምረው ጥንዱ ከመገናኘቱ በፊት ነው። የኒዮን ቴትራ እንቁላል ብርሃን ስለሚጎዳው ገንዳው ይሸፈናል። ቤታ ላይ ደግሞ አርቢው ከመጀመሪያው ሳምንት ሞት ተርፌያለሁ ብሎ ሲያርፍ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ሌላ በር ይጠብቀዋል፦ አየር በቀጥታ የሚተነፍሱበት አካል የሚዳብረው ያን ጊዜ ነው፤ በዚህ ጊዜ ከውሃው በላይ ያለው አየር ሞቃትና እርጥብ እንዲሆን ገንዳው በደንብ መከደን አለበት።

ለሁለተኛው ዙር የተጻፈ መርሐ ግብር

እንቁላል በተጣለበት ቀን፦ ፎቶ፣ የአርቴሚያ ሙከራ ጠርሙስ፣ ሜቲሊን ብሉ በአየር ድንጋይ ብቻ። በማግስቱ ነጩን መቁጠር። በሦስተኛው ቀን፣ ከተፈለፈሉ በኋላ፣ ግማሽ ውሃ ሦስት ጊዜ ቀይሮ ባክቴሪያ የለመደውን ስፖንጅ ማስገባት። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን የሞተውን ከማንሳት በቀር ምንም አለመንካት፤ በተለይ ምግብ አለመጨመር። በስድስተኛው ቀን ጠዋት የመጀመሪያው ጠርሙስ በ28 ዲግሪ፣ ማታ ሁለተኛው። በሰባተኛው ቀን የመጀመሪያዎቹ ሲነሱ ጥቂት ጠብታ አርቴሚያ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ሆድ ማየት፤ ማታ ፎቶና ቆጠራ። ከስምንተኛው ቀን ጀምሮ አራት አመጋገብ፣ አንድ ውሃ ቅየራ፣ አሞኒያ ከነፒኤቹ። በአሥረኛው ቀን ሁለተኛ ቆጠራ፦ ይህ ቁጥር ከሰባተኛው ቀን ማታው ቁጥር ጋር ሲነጻጸር አራተኛው በር የት እንዳለ ይናገራል። ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ሆዶቹ ብርቱካናማ ከሆኑ ሰፊውን ገንዳ ማዘጋጀት የሚጀመረው በዚያው ቀን ነው፤ አዲሱ ስፖንጅ ባክቴሪያ ለመያዝ ሦስት ሳምንት ይፈልጋልና።